አርባ ከነምርቃቱ

ሽኩርን ቀጣፊ ያልኩት እኔ ነኝ። ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ይሻላችኋል። በአፌ ብቻ ብዬው ቢሆን ኖሮ ተናድጄ ነው ብዬ አልፈው ነበር። እኔ ግን በኢሜይል ነው ያልኩት፣ ያውም ለሦስት ሰው ግልባጭ አድርጌ።

ስሜ ጋዲሴ ነው። አዳማ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ጎን ለጎን ሦስተኛ ዲግሪዬን እሠራለሁ፣ ወይም እሱ እኔን ይሠራኛል። አባቴ ዱጋሳ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ የጫነ መኪና ሲመዝን ሃያ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ነው። ለገዛ ወንድሙ እንኳ አንዲት ኪሎ ከፍ አድርጎ ጽፎ አያውቅም፤ አጎቴ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ያነሳበታል። እኛ ቤት አርባ ማለት አርባ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ይህንንና ቶሎ የመናደድ ጠባዩን ነው። ቁመቱን ለታናሽ እህቴ ሰጣት።

ሽኩር ደግሞ ያደገው ሌላ ዓይነት ሚዛን ሥር ነው። እናቱ እትዬ በድሪያ ከወሎ መጥተው አዳማ የከተሙ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መቂ እየወረዱ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው። ልጁ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራው እኔ ባለሁበት ቡድን ውስጥ ነው፤ አማካሪያችንም አንድ ሰው ነው፣ ዶክተር ይትባረክ። ዶክተር ይትባረክ ምንም ብትነግሩት መልሱ "ይታያል" ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብትሉትም "ይታያል" የሚል ይመስለኛል፤ ነገሩ እርግጥ መታየቱ አይቀርም።

የምናጠናው ዕቃ አዳማ ውስጥ የለም። አውሮፓ ነው፣ አንድ ፍሪጅ ውስጥ። ዕቃው ከጥፍር የማይበልጥ ስስ ቁራጭ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የተሣለው የብረት መስመር እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም እንቅፋት ያሳልፋል። እዚያ መስመር ላይ የማይክሮዌቭ ሞገድ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ወጥ ከምታሞቁበት ማይክሮዌቭ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ በዚህኛው ወጥ ለማሞቅ ብትሞክሩ ግን የልጅ ልጆቻችሁም ቀዝቃዛ ይበላሉ። ፍሪጁ ከዋክብት መሀል ካለው ባዶ ቦታ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሽኩር ይህን ለእናቱ ሲነግራቸው "እንዲህ ያለ ፍሪጅ እያለህ ነው ቲማቲሜ በየቀኑ የሚበሰብሰው?" አሉት አሉ።

የዕቃው ጠባይ እንዲህ ነው። ከውጭ በሞገድ ያለማቋረጥ ትገፉታላችሁ። በተወሰነ የግፊት መጠን ላይ ሁለት ዓይነት መልስ አለው፤ ወይ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ወይ ብዙ ይወዛወዛል። ግፊቱ ያው ነው፣ መልሱ ግን ሁለት። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ከየት እንደመጣ ነው። ከዝቅተኛ ግፊት ከመጣ ትንሽ ላይ ይቀራል፣ ከከፍተኛ ከመጣ ብዙ ላይ ይቀራል። ከዚያም አንዳንዴ፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በዚያ ብርድ ውስጥ የሚያነቃንቀው ሙቀት የለም፤ ግን ፍጹም አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር በኳንተም ዓለም አይታወቅም። እኔ ሦስተኛ ዲግሪ የምሠራው በዚህች ዝላይ ላይ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት "ደመወዝ አለው?" ነው ያለችኝ።

የፍሪጁ ባለቤቶች ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት እንድንሠራበት ፈቀዱልን። መለኪያውን በራሱ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነበረን፤ ነገር ግን አዳማ ላይ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ይሞታል። ስለዚህ ቁጥሩን በእጅ እያስገባን፣ አምስት አምስት ደቂቃ እየለካን እንመዘግባለን። መጀመሪያ እኔ ለካሁ። ግፊቱ አርባ ላይ ሲሆን ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይወዛወዛል። ቀጥሎ ሽኩር ሁለት ወር ለካ። አርባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ይወዛወዛል አለ።

"እርግጠኛ ነህ?" አልኩት።

"ወላሂ ቲቸር፣ አርባ ላይ ነው።"

የፍሪጁን ባለቤቶች ጠየቅን። እነሱም ለኩና እንደ እኔው ትንሽ አሉ። በዚህ ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ልጁ አልለካም፣ ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ፈጥሮታል ብዬ ደመደምኩ። ለዶክተር ይትባረክና ለሁለቱ የፍሪጁ ባለቤቶች ጻፍኩ፤ "የሽኩር መረጃ ሊታመን አይችልም፣ ሳይለካ የሞላው ይመስለኛል፣ ከጋራ ጽሑፋችን ስሙም ይውጣ።" ከዚያ ላክ የሚለውን ተጭኜ ምሳዬን በላሁ። ምሳው ጥሩ ነበር፤ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

የሽኩር ዲፌንስ፣ ጥናቱን ፈታኞች ፊት የሚያስረዳበት ቀን፣ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። የሁለት ወር መረጃው ከወጣ ቴሲሱ ውስጥ የሚቀረው ሽፋኑና ለእናቱ የጻፈው ምስጋና ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ እንደገና ሊጀምር ነው። ባቱ ከተማ ያለ አንድ ኮሌጅ ደግሞ ለመምህርነት የያዘለት ቦታ ከሰኔ አያልፍም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ኢሜይሉ ሽኩር ጋም ደረሰ። አልተጣላኝም። ዝም ብሎ መምጣት ተወ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ይትባረክ ቢሮው ጠራኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ሲለካ አጠገቡ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

"አይ፣ እሱ በራሱ ሰዓት ነው የሚሠራው።"

"እጁን አላየሽም ማለት ነው።"

"ቁጥሩን አይቻለሁ።"

"ቁጥሩንማ እኔም አይቻለሁ" አለ መነጽሩን እየጠረገ። "ሂጂና አምጪው። አንቺ ፊት ይለካ። ከዚያ ይታያል።"

ስልኩ ተዘግቶ ስለነበር ወደ እናቱ ደወልኩ። እትዬ በድሪያ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ድምፃቸው በደስታ ሞላ። "አስተማሪው ነሽ? አብሽሪ ልጄ፣ መቂ ነው ያለው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ትምህርቴን ጨርሻለሁ ብሎ ቲማቲም ሲያነሳ ሲጥል ይውላል። እስቲ ምከሪልኝ።" እመክርልዎታለሁ አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ራሴን የመምከር ፍላጎት አደረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩን በኦሮምኛ "አከም ቡልቴ"፣ እንዴት አደርክ ብለው፣ "ነጋ" በማለት ፈንታ "በሩ ጋ አትደገፊ" ብሎ መለሰልኝ፤ ሰላምታውን ቆይቶ አስታወሰው። በሩ ችግር ነበረበት። ረዳቱ ሊዘጋው እስኪገጥም ገፍቶ ሲለቀው ይመለሳል። ትንሽ ጨምሮ ሲገፋው ግን ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ እጁን ቢያነሳም አይመለስም። ሞጆን አልፈን ቆቃ ስንደርስ ማንም ሳይነካው ብርግድ ብሎ ተከፈተና አንዲት ሴትዮ ጮኸች። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ አንድም ነገር አልታየኝም። ሽኩርን ምን ብዬ እንደማፋጥጠው እያሰብኩ ነበራ።

መቂ ገበያው መግቢያ ላይ አገኘሁት። የቲማቲም ሳጥኖች መሀል ቆሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሁለት ሳህን ባለው ሚዛን ለአንዲት ሴት ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ሳያየኝ ትንሽ ቆምኩ። ቲማቲሙን አንድ በአንድ እየጨመረ ሁለቱ ሳህኖች እኩል እስኪሆኑ ጠበቀ። እኩል ሆኑ። እኔ ብሆን እዚያ ላይ አበቃሁ፤ አባቴም እንደዚያው። የሽኩር እጅ ግን አላቆመም። ዓይኑ ሴትዮዋ ላይ ነው፣ አፉ ስለ ልጇ ሠርግ ይጠይቃል፣ እጁ በገዛ ፈቃዱ አንድ ቲማቲም አነሳና ጣል አደረገ። ሳህኑ ዱብ አለ። ሴትዮዋ ተቀብላ ሄደች።

"ስንት መዘንክላት?" አልኩ ከኋላው።

ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። "ቲቸር... ሁለት ኪሎ።"

"ከሁለት በላይ ነው።"

"ሁለት ነው።"

"አንድ ስትጨምር በዓይኔ አይቻለሁ!"

"እሱማ ምርቃት ነው።"

"ታዲያ አትቆጥረውም?"

ሽኩር በጣም የዋህ የሆነ ጥያቄ የጠየቅሁት ይመስል አየኝ። "ምርቃት ይቆጠራል እንዴ?" አለ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንድ ተሸካሚ "ዞር በይ እንጂ እቴ!" ብሎ በሳጥን ገፋኝ፣ እሱንም አልተናደድኩበትም።

"ሽኩር" አልኩት ቀስ ብዬ። "ፍሪጁንስ ትመርቀዋለህ?"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። እጁን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ።

"አርባ ካስገባሁ በኋላ..." አለ። "ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት ያህል። ከዚያ ወደ አርባ መልሼ እለካለሁ።"

"ለምን?"

"እንጃ። እዚያ አገር ድረስ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚጎድል ይኖራል፣ ጎደሎ እንዳይደርሰው ብዬ መሰለኝ። ቲማቲም ከዚህ አዳማ ሲደርስ ይጎድላል አይደል?" ራሱን አከከ። "ቁጥር መንገድ ላይ እንደማይጎድል አውቃለሁ ቲቸር። እጄ ነው የማያውቀው።"

"ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለህ?"

"ሁልጊዜ።"

"ለምን አልጻፍከውም ታዲያ?"

"የተጠየቅሁት አርባ ነው። የለካሁትም አርባ ላይ ነው።" ድምፁ ትንሽ ጠነከረ። "አልዋሸሁም።"

አልዋሸም። ያችን ትርፍ ሲሰጠው ዕቃው ወደ ብዙ ይዘላል፤ ወደ አርባ ሲመልሰውም እዚያው ይቆያል፣ ልክ እንደዚያ የተረገመ የሚኒባስ በር። አንድ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት በር! የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ ርዕስ ዕቃው ከየት እንደመጣ ያስታውሳል የሚል ሆኖ ሳለ፣ የሽኩር አርባ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አላጠፋሁም። አፈርኩ። ቲማቲሙ እስኪቀናብኝ ድረስ ፊቴ ቀላ።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት።

"እሺ" አለ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ መጣና መዘነላት፣ እኔ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ለእሷም መረቀላት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዶክተር ይትባረክ ጋር ሦስታችንም አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥን። ሽኩር እንደ ልማዱ መረቀው፤ ብዙ ተወዛወዘ። እኔ ያለ ምርቃት ለካሁ፤ ትንሽ ተወዛወዘ። ደገምን፣ ሠለስን፣ ያው ነው። እኔ ቦርሳዬን ማንሳት ስጀምር ዶክተር ይትባረክ "ቆዩ እስቲ፣ አታጥፉት" አለ። ኔትወርኩ በእግዜር ቸርነት ያን ቀን አልተቆረጠም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ዕቃው በራሱ ጊዜ አንዴ ወደ ታች አንዴ ወደ ላይ መዝለል ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ የተመረቀውና ያልተመረቀው አንድ ዓይነት ሆኑ። ከጊዜው ከግማሽ ትንሽ የሚያንሰውን ብዙ ላይ፣ የቀረውን ትንሽ ላይ ያሳልፋል። ከየት እንደመጣ ረስቶታል።

ሽኩር ነው መጀመሪያ የገባው። ወደ እኔ ዞሮ በጣም በትሕትና፣ በጣም ቀስ ብሎ "ቲቸር፣ ያንቺም አርባ ልክ አልነበረማ" አለ።

እውነቱን ነው። እኔም የለካሁት አምስት አምስት ደቂቃ ነበር። የሱ መረጃ ዕቃው ከላይ መምጣቱን ሳይረሳ፣ የኔው ደግሞ ከታች መምጣቱን ሳይረሳ የተያዘ ነው። ትክክለኛው መልስ ሁለታችንም ያላየነው ነበር። የዱጋሳ ልጅ ጎደሎ መዝና ነበር። ዶክተር ይትባረክ "ይታያል" እንኳ አላለም፣ ታይቷላ።

ማታውን ሳልጠብቅ ሁለተኛ ኢሜይል ጻፍኩ፣ ለነዚያው ለሦስቱ ሰዎች። "መረጃው ትክክል ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ የሽኩር ስም ከእኔ ስም በፊት ይግባ።" ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ዲፌንሱ ቀኑን ጠብቆ ሆነ። እትዬ በድሪያ ነጭ ሻሻቸውን አድርገው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሽኩር ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ ሲያሳይ አንድ አዲስ ዓምድ ነበረበት። ርዕሱ በአማርኛ "ምርቃት" ይላል፣ ሥሩ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ ተኩል እያለ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ ይህ ምንድን ነው አሉት። ሽኩር አስረዳ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ በድሪያ ብቻ አልሳቁም። ጎናቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ "ቆጠረው እንዴ? ይሄ ልጅ ምርቃት ቆጠረ!" አሉ።

ፈታኙ ቀጠሉ። "ይህ ነገር መጀመሪያ እንዴት ተገኘ?"

ሽኩር ወደ እኔ አየና አፉን ከፈተ። ሊሸፍንልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ለእናቱም ቢሆን ማን እንደከሰሰው እስከዚያ ቀን አልነገራቸውም ነበር። ከመናገሩ በፊት ተነሳሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቁጥሩን ፈጥሮታል ብዬ ከሰስኩት። ሳላጣራ ለውጭ ሰዎች ጻፍኩበት። እሱ ግን ለክቶ ነበር።"

ወደ ሁለተኛው ረድፍ አላየሁም። ጀርባዬን ግን ሲያዩኝ ተሰምቶኛል።

ሽኩር አለፈ፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ባቱም ቦታውን አገኘ። እኔ በሳምንቱ ቅዳሜ እግሬን እየጎተትኩ እትዬ በድሪያ የሚሸጡበት ገበያ ሄድኩ። ከልጁ ይልቅ እናቱን ፈርቼ ነበር።

"እንዴት አደሩ እትዬ በድሪያ። አንድ ኪሎ ቲማቲም ይስጡኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ደህና አደርሽ ልጄ" አሉ፣ ጨዋ ናቸውና። አንድ በአንድ መረጡልኝ፤ ያማሩ ቲማቲሞች ናቸው። ሳህኖቹ እኩል ሆኑ። እጃቸው ወደ ክምሩ ሄደ፣ እንደ ልማዱ፣ አንድ ቲማቲምም ያዘ። እዚያ ላይ አቆሙት።

"ያ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ዕቃችሁ" አሉ ቲማቲሙን እንደያዙ። "ይረሳል አለኝ ሽኩር። በስንት ደቂቃ ነው የሚረሳው?"

"በሃያ ደቂቃ ገደማ ነው።"

"ሃያ ደቂቃ።" ራሳቸውን ነቀነቁና ቲማቲሙን ወደ ክምሩ መለሱት። "እኔ ትንሽ ቆየት ይልብኛል። ቅዳሜ ተመለሺ።"

እንደ አባቴ ሚዛን ያለ አንድ ኪሎ ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ አንዲት ግራም አልተረፈም፣ አንዲት ግራም አልጎደለም። እንደዚያ ያለ ልክ የሆነ ነገር ከብዶኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ተመለስኩ። ልክ አንድ ኪሎ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ልክ አንድ ኪሎ፤ ያን ቀን ግን ሽኩር ከባቱ እንደደወለና ተማሪዎቹ እንደሚያስቸግሩት ነገሩኝ። እሰየው፣ የመምህርን ጣጣ ይቅመሰው አልኩ፣ ሳቁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ሳህኖቹ እኩል ሆኑ። ገንዘቤን ሰጠሁ፣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እትዬ በድሪያ ከጎረቤት ነጋዴ ጋር ስለ ዝናቡ እያወሩ፣ እኔን ሳያዩኝ፣ አንድ ቲማቲም አንስተው ጣል አደረጉ። ትንሽ ናት፣ አንድ ጎኗም ተጨፍልቋል። ከሌሎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ አልከተትኳትም፤ ቤቴ እስክደርስ በእጄ ይዣት ሄድኩ።